መስኮት ሲለወጥ፦ ስለ ትክክለኛ ዋጋና ስለ አደራ

በከተሞቻችን ያሉ ብዙ ቤቶች መስኮታቸው የሚለወጥበት ጊዜ ደርሶባቸዋል። የእንጨቱ መስኮት ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ጠጥቶ እያበጠ አልዘጋ ይላል፤ የብረቱም ከታች በኩል በዝገት እየተበላ ነፋስና አቧራ ያስገባል። ባለቤቱ ጥቂት ገንዘብ ሲያጠራቅም የሠፈሩን አናጺ ወይም ብረት ሠሪ ያስጠራል፤ ይለካል፣ ዋጋ ይነገራል፣ ቀብድ ይከፈላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም አዲሱ መስኮት ይገጠማል። ነገሩ እንዲህ ሲታይ የቤት ጉዳይ እንጂ የኅሊና ጉዳይ አይመስልም።

ይሁን እንጂ በየሠፈሩ ከምንሰማቸው ቅሬታዎች ብዙዎቹ ከዚሁ ተራ ጉዳይ የሚነሡ ናቸው። አንዱ ቀብድ ተቀብሎ ጠፋብኝ ይላል፤ ሌላው ዓመት ሳይሞላው ዛገብኝ ይላል፤ ሠራተኛውም በበኩሉ ሥራውን ጨርሼ ቀሪውን ሒሳብ ከለከሉኝ ይላል። በመጨረሻም አብዛኞቻችን «የዛሬ ሠራተኛ አይታመንም» በሚል አንድ ቃል ነገሩን ዘግተን እንሄዳለን። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ይህንኑ ፍርድ ነው። መስኮቱ የተበላሸ እንደ ሆነ ጥፋቱ የሠራው ሰው ብቻ ነውን? ወይስ ያሠራውም ሰው ድርሻ አለው?

የማይታየው ሥራ

በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይ እንመልከት። የብረት መስኮት ዋና ዋናው ነገር ቀለም ከተቀባ በኋላ አይታይም። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የ0.8 ሚሊ ሜትሩ ግን ከ6 ኪሎ ግራም እምብዛም አይበልጥም። ሁለቱ ቀለም ተቀብተው ሲቆሙ በዓይን አንድ ናቸው፤ በዋጋና በዕድሜ ግን አንድ አይደሉም። የተበየደው ቦታ በሚገባ ካልተሞረደና ካልጸዳ፣ ከዋናው ቀለም በፊትም የዝገት መከላከያው ካልተቀባ፣ መስኮቱ በተገጠመበት ዕለት እንደ ማንኛውም መስኮት ያምራል፤ ዝገቱ ግን ከቀለሙ ሥር ሥራውን ይጀምራል። መስተዋቱም እንዲሁ ነው። ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ግራም ሲመዝን ባለ 3 ሚሊ ሜትሩ 7 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ጠርዙ በስቱኮ ከተሸፈነ በኋላ ግን የትኛው እንደ ገባ ባለቤቱ በቀላሉ አይለይም። አሉሚኒየም የሚያስገጥም ሰውም ከዚህ አያመልጥም። በዙሪያው የሚገባው ጎማና ፍሬሙን ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘው ሲሊኮን የሚፈተኑት በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ እንጂ በርክክቡ ቀን አይደለም።

ልኬቱም የራሱ ጥበብ አለው። የቆየ ቤት የመስኮት ክፍተት ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም። ስለሆነም ጠንቃቃ ሠራተኛ ወርዱን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ ቁመቱንም እንዲሁ በሦስት ቦታ ለክቶ ትንሹን ይይዛል፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘንም በሰያፍ ለክቶ ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆናቸውን ያረጋግጣል። ቸልተኛው አንድ ጊዜ ለክቶ ይሄድና የጎደለውን በሲሚንቶ ይሞላዋል። ባለቤቱ ይህንን ልዩነት በዚያን ሰዓት ሊያውቀው አይችልም።

እንግዲህ መስኮት የሚያስለውጥ ሰው በአብዛኛው የሚከፍለው ላላየውና ሊያየው ለማይችለው ነገር ነው። በቋንቋችን እንዲህ ላለው ነገር የተሰጠው ስም አደራ ነው። አደራ ደግሞ የሚሰጠውንም የሚቀበለውንም የሚያስር ነው።

ዋጋ የመቁረጥ ወሰን

ዋጋ መከራከር የቆየ ልማዳችን ነው፤ በራሱም ነውር የለበትም። ሻጩ ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ ገዢው ዝቅ ያደርጋል፣ በመካከል ይገናኛሉ። ነገር ግን ለእጅ ሥራ ክርክሩ የማያልፈው ወሰን አለ። ብረቱ፣ መስተዋቱ፣ ቀለሙ፣ የብየዳ ዘንጉ፣ የመብራቱ ሒሳብ፣ የሱቁ ኪራይና የረዳቱ የቀን አበል ተደምረው የማይቀንስ ድምር ይሰጣሉ። ከዚህም በላይ ሠራተኛው ቤተሰቡን የሚያበላበት የድካሙ ዋጋ አለ። ባለቤቱ ሲጫነውና «እገሌ ከዚህ ባነሰ ይሠራልኛል» እያለ ሲያስጨንቀው ዋጋው ከዚህ ወሰን በታች ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ለሠራተኛው ሦስት መንገዶች ይቀሩለታል፤ ሥራውን መተው፣ ከስሮ መሥራት፣ ወይም የጎደለውን ከማይታየው ቦታ ማካካስ። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው የመጀመሪያውን መንገድ መምረጥ ይከብደዋል፤ ሁለተኛውንም ደጋግሞ ሊችለው አይችልም። ስለዚህ ላሜራው ይሳሳል፣ መከላከያው ቀለም ይቀራል፣ ረዳቱም ሳይከፈለው ያመሻል።

ታዲያ በዚህ ጊዜ የተሠራው ማታለል የአንድ ሰው ብቻ ነውን? ባለቤቱ ወፍራም ብረት በስስ ብረት ዋጋ ሲጠይቅ፣ የሚቀበለው ስሱን እንደሚሆን በውስጡ ያውቀዋል፤ ቢያንስ ሊያውቀው ይገባል። «በረከሰ አገኘሁ» ብሎ ለጎረቤት ሲያወራ፣ ያረከሰው ከማን ድርሻ ተቀንሶ እንደ ሆነ አይጠይቅም። ብዙ ጊዜ ግን የተቀነሰው በዚያ ውል ላይ ድምፅ ከሌለው ከረዳቱ እንጀራ ነው።

በዚህ ረገድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግልጽ ነው። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው ዐዋዲ መልእክት ስለ ደመወዝ ሲያስተምሩ፣ የሁለቱ ወገኖች መስማማት ብቻውን ክፍያውን ትክክል እንደማያደርገው አስረድተዋል፤ ችግር አስገድዶት የተቀበለ ሰው በሙሉ ፈቃዱ ተስማማ ሊባል አይችልምና። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2434 ይህንኑ ያጸናል። በቁጥር 2409 ደግሞ ስርቆትን የሚከለክለውን ሰባተኛውን ትእዛዝ ሲያብራራ፣ ፍትሕ የጎደለውን ደመወዝም በደንብ ያልተሠራን ሥራም ይኮንናል። ሁለቱ በአንድ አንቀጽ መገኘታቸው ለጥያቄያችን ብዙ ይናገራል፤ አሠሪና ሠራተኛ በአንድ ትእዛዝ ፊት ጎን ለጎን ይቆማሉና።

በዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። «የብረቱን ዋጋ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ካልተከራከርኩ እታለላለሁ» የሚል አለ። እውነት ነው፤ የሚጎዳው ሁልጊዜ ሠራተኛው አይደለም። ልብስን አይቶ ዋጋ የሚጨምር አለ፤ በተለይም ልጆች ከውጭ አገር በሚልኩት ገንዘብ የወላጆቻቸው ቤት ሲታደስ ዋጋው በእጥፍ የሚጠራበት ጊዜ አለ። ይህም ቢሆን የሌላውን አለማወቅ ለጥቅም ማዋል ስለሆነ ያው በደል ነው። መድኃኒቱ ግን በጭፍን መጫን ሳይሆን ጠይቆ ማወቅ ነው። ለሁለት ወይም ለሦስት ሠራተኞች አንድ ዓይነት ልኬት፣ አንድ ዓይነት የብረትና የመስተዋት ውፍረት ጽፎ ሰጥቶ ዋጋ መጠየቅ፣ ዋጋውንም ለዕቃ ይህን ያህል፣ ለእጅ ይህን ያህል እያሉ እንዲዘረዝሩ መለመን ይቻላል። ከሁሉ ያነሰውን ዋጋ የሰጠውን ሰው «ምኑን ቀንሰህ ነው?» ብሎ በቅንነት መጠየቅ ደግሞ እርሱንም ከፈተና ያድነዋል።

የሠራተኛው ድርሻ

ከላይ ያልነው ሠራተኛውን ከኃላፊነቱ አያወጣውም። ድህነት ማታለልን ቀላል ያደርገዋል እንጂ ትክክል አያደርገውም። በጠባብ ዋጋ የተያዘ ሰው ሌላ ቀና መንገድ አለው፤ ይኸውም «በዚህ ዋጋ ልሠራልዎ የምችለው ይህኛውን ብረት ነው፤ ወፍራሙን ከፈለጉ ዋጋው ይህ ነው» ብሎ ከቀብዱ በፊት መናገር ነው። ስስ ብረት መሥራት ኃጢአት አይደለም፤ ስሱን ወፍራም ነው ማለት ግን ሐሰት ነው።

በሥራው ዓለም ከተለመዱት ነገሮች አንዱን በተለይ ማንሣት ይገባናል። ሠራተኛው የአንዱን ደንበኛ ቀብድ ተቀብሎ ለሌላው ደንበኛ ያልተጠናቀቀ ሥራ ብረት ይገዛበታል፤ የሁለተኛውንም ቀብድ ሲያገኝ የመጀመሪያውን ይጀምራል። መነሻው ተንኮል ላይሆን ይችላል፤ ካለፈው ሥራ የቀረ ሒሳብ ያልከፈለው አሠሪ ያመጣበት ጉድለት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አንድ ቀን አዲስ ደንበኛ ሲጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠስና መጨረሻ የከፈለው ሰው ክረምቱን መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ያሳልፋል። ስለዚህ ለአንድ ቤት መስኮት የተሰጠ ገንዘብ የዚያ ቤት አደራ መሆኑን ሠራተኛው ሊዘነጋ አይገባም። ቀሪውን ሒሳብ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ የሚያመላልስ አሠሪም፣ የማያውቀውን የሌላ ሰው መስኮት እያስቀረ መሆኑን ይወቅ።

ይሉኝታና ወረቀት

ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ሥራ ትልቅ በረከት አለው። የሠፈሩ ሠራተኛ ቤቱ ይታወቃል፣ መስኮቱ ሲንቃቃ ይጠራል፣ በእድርና በለቅሶ እንገናኛለን። ነገር ግን ይኸው ቅርበት እንቅፋት ሲሆንም ይታያል። ባለቤቱ «በእኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላል፤ ሠራተኛውም ስለ ክፍያው ቀን መጠየቅ ያፍራል። ይሉኝታ መጀመሪያ ላይ አፋችንን ይዘጋዋል፤ በመጨረሻ ግን ፊት ለፊት ያልተባለው ሁሉ በየቡናው ላይ ሐሜት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መጻፍ አለመተማመን ነው የሚለውን አስተሳሰብ መተው አለብን። ወረቀት የሚጻፈው ወንድማችንን ሌባ ነው ብለን ሳይሆን፣ የሁላችንም ትዝታ ደካማ ስለሆነ ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ በቁጥር 1883 ሲደነግግ ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን እንደሚያስረዳ ይገልጻል። በቁጥር 1885 መሠረት ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ሕጉ ሁለቱንም ወገን እኩል ማሰሩ የሚያስመሰግን ነው፤ ብዙዎቻችን ግን የምናስታውሰው ለእኛ የሚጠቅመንን ግማሹን ብቻ ነው።

ለአንድ ቤት ሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የመስኮቶቹ ቁጥርና ልኬት፣ የብረቱና የመስተዋቱ ውፍረት፣ የሚያልቅበት ቀን፣ አሮጌው ሲነቀል የሚፈርሰውን ልስን የሚያድሰው ማን እንደ ሆነ ይጻፍበት። የተነቀለው አሮጌ መስኮትስ የማን ነው? ለቁራሌው ሲሸጥ ዋጋ ያወጣልና ይህም ከወዲሁ ይነገር። ክፍያውን ሦስት ቦታ መክፈል ይጠቅማል፤ አንዱ ለዕቃ መግዣ በውሉ ዕለት፣ ሁለተኛው ፍሬሙ ተበይዶ ቀለም ሳይቀባ ከታየ በኋላ፣ የመጨረሻው ተገጥሞ ሲያልቅ። ቀለም ሳይቀባ ማየት ባለቤቱን ከጥርጣሬ ያሳርፈዋል፤ ደኅና የሠራውንም ሰው ድካሙ እንዲታወቅለት ያደርጋል።

የሠሪው ክብር

በመጨረሻ ከገንዘብ የሚበልጠውን እናንሣ። አገራችን የእጅ ባለሙያን ስትንቅ የኖረችበት ታሪክ አላት። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው የንቀቱን ስፋት ያሳያል። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም መንፈሱ አልጠፋም፤ ለሐኪም የተጠየቅነውን ከፍለን ስንወጣ ለብረት ሠሪው ግን የመጨረሻውን መቶ ብር የምንነፍገው ከዚህ የተነሣ አይደለምን? ቅዱስ ዮሴፍ ለሰው ቤት እንጨት ይጠርብ የነበረ የእጅ ባለሙያ መሆኑን የምናስተምር ሰዎች፣ በደጃችን የቆመውን አናጺ የምናስተናግድበትን መንገድ ልንጠይቅ ይገባናል።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድኻው ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ታዟል። ትእዛዙ የዘገየ ገንዘብ ለከፋዩ ትንሽ፣ ለጠባቂው ግን የዕለት እራት መሆኑን የሚያውቅ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ ሰባተኛው ትእዛዝ ሲያስተምሩ ኪስ የሚያወልቀውን ሌባ ብቻ በምሳሌነት ከማቅረብ ይልቅ፣ ይህንኑ የመስኮት ውል ለውይይት ቢያቀርቡት መልካም ነው። ተወያዮቹ መካከል አሠሪም ሠራተኛም መገኘቱ አይቀርም፤ እርስ በርስ ቢደማመጡ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይማራሉ።

እንግዲህ ለተነሣንበት ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። መስኮቱን ያበላሸው እጅ የሠራተኛው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለመበላሸቱ ምክንያት የሆነው ዋጋ ብዙ ጊዜ የሁለቱ ነው። የታመነ ሠራተኛ የሚሻ ሰው በታመነ ዋጋ ይጀምር፤ የተስማማውን ይጻፍ፤ ሥራው ባለቀ ዕለትም ሳያመላልስ ይክፈል።