የተገነጠለ ቆርቆሮ የማን ዕዳ ነው?

በክረምት መግቢያ ዐውሎ ነፋስ የአንዱን ቤት ቆርቆሮ ገንጥሎ የጎረቤቱን ጣሪያ ቢሰብርበት፣ ጉዳቱን መካስ ያለበት ማን ነው? ብዙዎቻችን «የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል!» እንላለን። መልሱ ትሕትና የተላበሰ ቢመስልም፣ ለባለቤቱ የሚመቸውን ያህል ለተጎጂው አይመችም።

ነፋስ ጣሪያን የሚነቅለው ከጎን በመግፋት ብቻ አይደለም። በጣሪያው ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ከላይ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በክፈፉ ሥርና በተከፈተ መስኮት የገባው አየር ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ምስማሩ የዛገበት፣ ማገሩ የነቀዘበት ጠርዝ ነው። እንግዲህ ዐውሎው የአንድ ቀን ነገር ቢሆንም፣ የላላው ምስማር ለዓመታት አብሮን የኖረ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ፣ ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ያላሰበው ነገር የደረሰበት ሰው እንዴት ይጠየቃል? ድንጋጌው ጭካኔ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጎረቤቱ ምስማሩን አልመረጠም፤ በሰው ቤት መሰላል አቁሞ ማገር የመመርመር መብትም የለውም። መጠገንም ሆነ መተው በባለቤቱ እጅ ከሆነ፣ ዕዳው ወደ እርሱ ማዘንበሉ ፍትሕ ነው።

ባለቤቱ ቆርቆሮ ከመግዛትና ልጆቹን ከማብላት አንዱን መምረጥ ያለበት ድኻ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ሕጉ ብቻውን አይበቃም። የሣር ክዳን ባለበት አገር፣ ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ስላለበት ጎረቤት በደቦ ይሰበሰባል። ቆርቆሮ ዕድሜው ረዘም ያለ በመሆኑ ከዚህ ድካም ገላግሎናል፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ጣሪያ ቀና ብሎ የሚያይበትን ምክንያትም አብሮ ወሰደ። ነፋሱ ግን ዛሬም አጥር አይለይም።

ስለዚህ ከዐውሎ በኋላ የወደቀውን ቆርቆሮ በነበረው ማገር ላይ በነበረው ምስማር መልሶ መምታት ጥገና ሊባል አይገባውም፤ ለከርሞ ጉዳት ቀጠሮ መያዝ ነው። አቅም ያለው የራሱን ማገር ይመርምር፤ አቅም ያጣውን ጎረቤቱንም ክረምቱ ሳይገባ ያግዘው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም።