ይህ ግድግዳ ምን ተሸክሟል?

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን በአንድ ቁምስና የተነሣ ክርክር ነው። የቁምስናው አዳራሽ በመካከሉ ባለ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ የትምህርተ ክርስቶስ ተማሪዎች ቁጥር እየጨመረ ስለ ሄደ ሁለቱን ክፍሎች አንድ ለማድረግ ታሰበ። ልምድ ያለው አንድ ግንበኛ ተጠርቶ መጣ፤ ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ መታ መታ አድርጎ ካዳመጠ በኋላ «ይህ ምንም የተሸከመው ነገር የለም፤ በአንድ ቀን ይወርዳል» አለ። አዳራሹ ሲሠራ በጉልበታቸው ያገለገሉ አንድ አዛውንት ግን «ልጆቼ፣ ያን ጊዜ እንጨት አጥሮን ነበር፤ እኔ እንደማስታውሰው የቀጠልነው እዚሁ አናቱ ላይ ነው» ሲሉ ተቃወሙ። ከዚያ በኋላ ሁለት እሑዶች በክርክር አለፉ። እኛም ከተከራካሪዎቹ መካከል ነበርን። በእነዚያ ሁለት እሑዶች መሰላል አምጥቶ፣ ኮርኒሱን ገለጥ አድርጎ የተመለከተ አንድም ሰው አለመኖሩን ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል።

«ይህ የግንበኛ ጉዳይ እንጂ የሕሊና ጉዳይ አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ከዚያ ጣሪያ ሥር የሚቀመጡት አብዛኞቹ ሕፃናት ናቸው። ስለ ግድግዳው አልተጠየቁም፤ ቢጠየቁም ሊመልሱ አይችሉም። የሌላው ሰው ሕይወት በእኛ ፍርድ ላይ ሲያርፍ፣ «አውቀናል» ብለን እጃችንን ለሥራ ለማንሣት ምን ያህል ማወቅ ይገባናል?

በመጀመሪያ ስለ ግድግዳው ራሱ እንናገር። ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ከምን እንደ ተሠራ ይናገራል እንጂ ምን እንደ ተሸከመ አይናገርም። ውስጡ ባዶ የሆነና በጣውላ የተለበጠ ቀጭን ግድግዳ በእንጨት ቋሚዎቹ ላይ ጣሪያ ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ወፍራሙና ጠጣሩ ደግሞ ከራሱ ክብደት በቀር የያዘው ላይኖር ይችላል። ይልቁንም መመርመር ያለበት ከላዩና ከታቹ ያለው ነው። ከላይ ያሉት አግዳሚ እንጨቶች ወዴት ተዘርግተዋል? ከግድግዳው ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በእርሱ ላይ አያርፉም። አቋርጠውት የሚያልፉ ከሆነ ግን፣ በተለይም ሁለት እንጨቶች ጫፍ ለጫፍ የተቀጠሉት ልክ በአናቱ ላይ ከሆነ፣ ሸክሙ የእርሱ ነው። ከታችስ የራሱ መሠረት ተቆፍሮለታልን፣ ወይስ በወለሉ ላይ ብቻ ቆሟል? በሚገባ የተሠራ ካፕሪያታ ከአንዱ የውጭ ግድግዳ እስከ ሌላው ተዘርግቶ ጣሪያውን ስለሚይዝ የመካከሉን ግድግዳ አይፈልግም። ሠሪው እንጨት አጥሮት የታችኛውን አግዳሚ በመካከል ግድግዳ ላይ ካስደገፈው ግን፣ ከሥር ሆኖ ኮርኒሱን ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም።

ሌላም ነገር አለ። ሲሠራ ምንም እንዲሸከም ያልታሰበ ግድግዳ በዘመን ብዛት ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። እንጨት ዓመታት ሲያልፉ ይጎብጣል፤ አርማታም ቢሆን ቀስ በቀስ ይረግባል፤ ጥቂት ዝቅ ሲልም ከሥሩ ባገኘው ላይ ያርፋል። ስለሆነም የመጀመሪያው ፕላን እንኳ ቢገኝ ስለ ዛሬው ሁኔታ ሙሉ ምስክር አይሆንም። በአርማታ ዓምዶች በቆሙት የከተማ ሕንፃዎች ውስጥ የብሎኬቱ ግድግዳ የላይኛውን ወለል አይሸከምም መባሉ በአብዛኛው እውነት ነው። ሆኖም ምድር ስትናወጥ ሕንፃው ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ስለ ተሰማ፣ ይህ ለአገራችን ሰው የሩቅ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሕሊናው ጥያቄ እንመለስ። የግብረ ገብ መምህራን ሁለት ዓይነት ጥርጣሬ ይለያሉ። አንደኛው ስለ ሕግ የሚነሣ ነው፤ «ይህን እንዳደርግ የሚከለክለኝ ግዴታ አለን?» የሚል። ሁለተኛው ስለ ነገሩ እውነት የሚነሣ ነው። በቁጥቋጦ ውስጥ እንቅስቃሴ ያየ አዳኝ የጥንት ምሳሌያቸው ነው፤ የተንቀሳቀሰው ድኩላ ይሁን ሰው እርግጠኛ ካልሆነ መተኮስ አይፈቀድለትም። «ምናልባት ድኩላ ነው» ማለቱ፣ ግምቱ ጠንካራ ቢሆንም እንኳ፣ ከጥፋት አያነጻውም፤ ጥርጣሬው ቁጥቋጦው ውስጥ ያለውን አይለውጠውምና። እ.ኤ.አ. በ1679 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 11ኛ ካወገዟቸው አሳቦች አንዱ፣ ሰው የቱንም ያህል ቀጭን በሆነ ግምት ላይ ተደግፎ ቢሠራ ሁልጊዜ በማስተዋል እንደ ሠራ ይቆጠራል የሚለው ነበር። ግንበኛው ግምት ነበረው፤ አዛውንቱ ትዝታ ነበራቸው፤ እኛ ደግሞ አንደበት ነበረን። ከሦስቱ አንዱም ግን ጣሪያውን አላየም።

የመናዝዝ ካህናትና የግብረ ገብ መምህራን ጠባቂ የሆነው ቅዱስ አልፎንሶ ደ ሊጎሪ ይህን በወጣትነቱ በመራራ መንገድ ተምሯል። በኔፕልስ ዝነኛ ጠበቃ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1723 አንድ ትልቅ የርስት ክርክር በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተሸነፈ። የተሸነፈውም ንግግር አንሶት ሳይሆን፣ በእጁ በነበረ ሰነድ ውስጥ ያለውን አንድ ወሳኝ ነጥብ ስላላስተዋለ ነው። ከዚያ በኋላ ጥብቅናውን ተወ።

ሆኖም በተቃራኒው በኩልም ገደል አለ። አልፎንሶ ራሱ በሕሊና መረበሽ እጅግ የተሠቃየ ሰው ነበር፤ ፈጽሞ እርግጠኛ እስክሆን ድረስ አልንቀሳቀስም የሚል ሰው አንዲት ጡብ አያነሣም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1942 ለሮታ ፍርድ ቤት ዳኞች ባደረጉት ንግግር፣ በፍጹም እርግጠኝነትና በተራ ግምት መካከል ግብረ ገባዊ እርግጠኝነት የሚባል እንዳለ አስረድተዋል፤ ይህም ምክንያት ያለውን ጥርጣሬ ሁሉ የሚያስወግድ ነው። ከጥርጣሬ የሚያወጣን ታዲያ ማሰላሰል ብቻ አይደለም። ሊታይ የሚችል ነገር ሳይታይ የቀረ እንደ ሆነ፣ ጥርጣሬው አሁንም ምክንያት አለው። የእኛ ጥርጣሬ ለመወገድ የሚፈልገው አንድ መሰላልና የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

ኦሪት ዘዳግም (22፥8) አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ትእዛዙ ሰው እስኪወድቅ ድረስ አይጠብቅም፤ ቸልተኝነቱን አስቀድሞ ይቆጥረዋል። ጌታችን ስለ ሰሊሆም ግንብ ሲናገር (ሉቃስ 13፥4) ግንቡ የገደላቸው አሥራ ስምንት ሰዎች ከሌሎች የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል። እኛ ይህን ቃል አንዳንድ ጊዜ አደጋ ሁሉ የማንም ጥፋት አይደለም እንደ ማለት እንወስደዋለን። የሞቱት ሰዎች አለመበደላቸው ግን የሠሪውን ኃላፊነት አይሽርም። በደቡብ ኮሪያ፣ በሴውል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 29 ቀን 1995 የሳምፑንግ የገበያ ሕንፃ ፈርሶ 502 ሰዎች አለቁ። ሕንፃው በሥራ ላይ ሳለ ዓላማው ተለውጦ፣ ለተንቀሳቃሽ ደረጃ ቦታ ለማግኘት ዓምዶች ተቆርጠው፣ አምስተኛ ፎቅም ተጨምሮበት ነበር። በዚያን ቀን ጠዋት በላይኛው ፎቅ ስንጥቅ ሲታይ ያ ፎቅ ተዘጋ፤ በታች ያለው ገበያ ግን አልተዘጋም። በዚያ ቤት እውቀት አልጠፋም፤ ማወቅ የሚያስከፍለውን ገንዘብ መክፈል ግን ከበደ።

በእኛም ዘንድ ተመሳሳይ ፈተና ነበር፣ መጠኑ ቢያንስም። «ለእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ እርሱ ይጠብቀዋል» ያለ ሰው አልጠፋም። አንዳንዶች ደግሞ ቆሞሱ እንዲወስኑ ፈለጉ። እርሳቸው ግን እኔ ስለ ጣሪያ የተማርኩት ነገር የለም ብለው መለሱን፤ በዚህም ደስ አለን። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ «ደስታና ተስፋ» በተሰኘው ሰነዱ (እ.ኤ.አ. 1965) ፍጥረታት የየራሳቸው ሕግ እንዳላቸው፣ ምእመናንም ካህናቶቻቸው ለሚነሣው ችግር ሁሉ መፍትሔ ያውቃሉ ብለው እንዳይጠብቁ ያሳስባል። የእንጨት መጉበጥ የጸሎት ቤቱንና የመጠጥ ቤቱን አይለይም። ትምህርተ ክርስቶስን ለማስፋት ያለን ቅን አሳብም ከአዳራሹ ጣሪያ ላይ አንድ ኪሎ አያቀልልም።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ አንድ ወጣት መሰላል አምጥቶ ሁለት የኮርኒስ ሰሌዳዎችን አነሣ። ከአራቱ ካፕሪያታዎች ሦስቱ ግድግዳውን ሳይነኩ አልፈው ሄደዋል፤ አራተኛው ግን ልክ አዛውንቱ እንዳሉት በአናቱ ላይ ተቀጥሎ አርፎበታል። ግንበኛው አየና ዝም አለ፤ በኋላም ይህን በግልጽ ለኮሚቴው ተናገረ። ይህ ከእርሱ ያላነሰ ዕድሜና ልምድ ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገው አይደለም። የተጠራው መሐንዲስ ግድግዳው ሊነሣ የሚችለው በመጀመሪያ ጊዜያዊ ድጋፍ ተደርጎ፣ በራሳቸው መሠረት ላይ በሚቆሙ ሁለት ምሰሶዎች አዲስ አግዳሚ ከተተካ በኋላ ብቻ መሆኑን ጽፎ ፈረመ። ወጪው ግን ከተሰበሰበው ገንዘብ በላይ ሆነ። ስለዚህ እስከ አሁን ግድግዳው አልፈረሰም፤ መምህርቷ ሁለቱንም ክፍል እንዲያዩአት በመካከሉ በር ላይ ቆማ ታስተምራለች።