ስለ ዕውቀት ክብርና ስለ ስውር ኅሊና

ሰው የሚያውቀውን ነገር እንዴት እንዳወቀው ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ መልስ ያጣል። ፊት አይቶ ሐዘንን ይለያል፤ ቃል ሰምቶ ሐሰትን ይጠረጥራል፤ ምክንያቱን ተናገር ቢሉት ግን «ልቤ ነገረኝ» ከማለት በቀር ሌላ አያገኝም። እንኪያስ ልቡ የነገረው ነገር እውነት ኾኖ ቢገኝ ዕውቀት ሊባል ይገባዋልን? ወይስ ዕውቀት ለመባል የጐደለው ነገር አለ?

ይህን ጥያቄ አስቀድመው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን ነው። «ሜኖን» በተባለው መጽሐፉ መምህሩን ሶቅራጥስን ሲያናግር፥ ወደ ላሪሳ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ምሳሌ አድርጎ ያመጣል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው መንገደኞችን በደኅና ያደርሳል፤ ሄዶበት የማያውቅ፥ ነገር ግን ግምቱ የቀናለት ሰውም እንዲሁ ያደርሳል። ታዲያ ዕውቀት ከቀና ግምት በምን ይበልጣል? ሶቅራጥስ የዴዳሎስን ምስሎች አስታውሶ ይመልሳል፤ እነዚህ ምስሎች ካልታሰሩ ሸሽተው ያመልጣሉ ይባልላቸው ነበርና። የቀና ግምትም እንደዚሁ ነው፤ ሳለ ይጠቅማል፥ በምክንያት ካልታሰረ ግን ከሰው ልብ ወጥቶ ይሄዳል። በምክንያት የታሰረው ይጸናል፤ ዕውቀትም የሚባለው እርሱ ነው።

ዳሩ ግን የሚታሰረው ዐሳብ ራሱ ከወዴት ይመጣል? እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ነፍስ ሳታስተውለው በነፍስ ውስጥ የሚኖር ዐሳብ የለም ብሎ አስተምሮ ነበር። ጀርመናዊው ላይብኒትዝ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1704 ዓ.ም. ጽፎ በጨረሰው፥ እርሱም ከሞተ በኋላ በ1765 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ ይህን ተቃወመ። በባሕር ጠረፍ የቆመ ሰው ታላቁን ጩኸት ይሰማል፤ የእያንዳንዱን ሞገድ ድምፅ ግን ለብቻው አይለየውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሞገድ በጥቂቱ ባይሰማው ኖሮ፥ የኹሉ ድምር ባልተሰማውም ነበር። እንግዲህ ነፍስ ከምታስተውለው ይልቅ የምትቀበለው ይበዛል።

ስውሩ ኅሊና ከመቀበልም አልፎ እንደሚሠራ የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖአንካሬ በ1908 ዓ.ም. ስለ ራሱ ተናግሯል። ስለ አንድ የረቀቀ የሒሳብ ነገር 15 ቀን ያህል በየዕለቱ ደክሞ አንዳች አላገኘም ነበር። አንድ ማታ ልማዱ ያልኾነ ጥቁር ቡና ጠጥቶ እንቅልፍ አጣ፤ ዐሳቦቹ ሲጋጩ ዐደሩ፤ በማግሥቱም የነገሩ አንድ ክፍል ተገለጠለት። ከዚያ በኋላ ከሚኖርበት ከካን ከተማ ለምድር ጥናት ጉዞ ወጣ፤ የመንገዱም ኹኔታ ሒሳቡን አስረሳው። ኩታንስ በምትባል ከተማ በሕዝብ ሠረገላ ሊሳፈር እግሩን በመርገጫው ላይ ባሳረፈ ጊዜ፥ ሳያስበው ዋናው መፍትሔ ብልጭ አለለት። ፍጹም እርግጠኛ ነበር፤ ኾኖም ወደ ካን ሲመለስ ለኅሊናው ዕረፍት ብሎ በዝግታ መረመረው። ምክንያቱን ሲያስረዳም፥ ስውሩ ሥራ አስቀድሞ ድካም፥ ኋላም ምርመራ ከሌለው ፍሬ እንደማይሰጥ፤ በመኝታ ላይ በእርግጠኝነት የመጣለትም ዐሳብ ብዙ ጊዜ እንዳታለለው ተናግሯል።

የኢትዮጵያ የቅኔ ተማሪም ይህን በጉባኤ ቤት ይማረዋል። ሁለት ቤት የኾነችውን ጉባኤ ቃና ለመቍጠር ከሰው ተለይቶ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል፤ ምሥጢሩ እንቢ ይለዋል። ተስፋ ቈርጦ ሌላ ነገር ሲሠራ፥ ወይም ከእንቅልፉ ሲነቃ፥ ቃሉ በድንገት ይመጣለታል። ነገር ግን መጣልኝ ብሎ መምህሩ ፊት ቢቀርብ አያመልጥም። ሰሙ የቱ ነው? ወርቁ የቱ ነው? አገባቡስ? ተብሎ ይጠየቃል። መልስ ከሌለው፥ ቃሉ ምንም ቢያምር ቅኔው ይመለስበታል።

ይህ ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የተተወ ነገር አይምሰል። አንድ ዳኛ ተከሳሹን ባየ ጊዜ ልቡ «ይህ ሰው በደለኛ ነው» ቢለው፥ ያ ቃል ከብዙ ዘመን ልምድ የተቀዳ ሊኾን ይችላል፤ በልጅነቱ ከሰማው ሐሜት፥ ከዘር ጥላቻ ወይም ድኻን ከመናቅ የተቀዳም ሊኾን ይችላል። ጥበብና ጥላቻ ከአንድ ጓዳ ይወጣሉ፤ ሲወጡም ድምፃቸው አንድ ነው፤ ኹለቱም በእርግጠኝነት ይናገራሉ። የሚለያቸው ምርመራ ብቻ ነው። ደግሞም ለዳኛው ልብ ማንም መልስ ሊሰጥ አይችልም፤ ለምክንያት ግን ተከሳሹ ይመልስበታል፥ ምስክር ይቈጠርበታል፥ ስሕተት ቢኾን ይታረማል። ስለዚህ ዳኛው በግምት ፈርዶ እውነቱን ቢያገኝ እንኳ፥ ተከሳሹን የመመለስ መብት ነፍጎታልና ሳይበድል አልቀረም። መንገደኛ ላሪሳን ቢስት ተመልሶ ይሄዳል፤ በግምት የተፈረደበት ሰው ግን የጠፋ ዘመኑን አያገኘውም።

እንግዲህ ስውሩን ኅሊና መናቅ አይገባም፤ ድካምን አጠራቅሞ ሰው ያላሰበውን ይመልስለታልና። ነገር ግን እርሱ የሚያመጣው ገና እህል ነው፤ ሳይበጠር አይበላም። «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ይላል የአገር ሰው፤ እውነት ነው። ልብ ያየውንም ዐይን ተመልሶ ሊመረምረው ይገባል፤ ይልቁንም የሌላው ሰው ክብርና ሕይወት በዚያ ላይ በተንጠለጠለ ጊዜ።