ርኅራኄና መስፈሪያ

በወረኢሉ ደጋ ከሩቅ አገር ለተመለሰ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያው ምስጋና ስለ ልብሱ ወይም ስለ ገንዘቡ አይደለም። «እሰይ! ወፈር ብለሃል፤ አገሩ ተስማምቶሃል» ይባላል። ከስቶ የመጣ እንደሆነ ግን ዘመድ ሁሉ ፊቱን እያየ ከንፈሩን ይመጣል፤ «ምን አገኘህ?» እያለ ይጠይቃል። ውፍረትን እንደ በሽታ መቁጠር የለመደ ከተሜ ይህን ሰምቶ ሊስቅ ይችላል። የወሎ ሰው ግን ከክፉ ቀን ጀምሮ፣ ከዚያም በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ያየው መከራ አንድ ነገር አስተምሮታል፤ ይኸውም ሥጋ በሰው ገላ ላይ የተቀመጠ ጎተራ መሆኑን ነው።

በዚሁ ደጋ የውሻ ውፍረት ማንንም አያሳስብም፤ ውሻው የሚወፍርበት ምክንያት የለውምና። ገብስና ስንዴ በሚበቅልበት፣ በግ በሚረባበት በዚያ ብርዳም አገር የውሻ ሥራ ሌሊት በረት መጠበቅ፣ ቀን ከእረኛው ጋር መዋል ነው። ምግቡም ከቤተ ሰቡ የተረፈ ቂጣ፣ የእርድ ቀን ሲሆን ደግሞ የተጣለ አጥንት ነው። በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ቤት ስፍራው ከደጅ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባልም በመብሉና በሥራው መካከል ያለውን ውል መግለጽ ነው።

ጥያቄው የሚነሣው የዚያ ደጋ ልጅ አዲስ አበባ ገብታ ከደጅ የነበረውን ውሻ ወደ ምንጣፍ ያስገባች ጊዜ ነው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ቤት ይታሰብ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች አንዲት የወረኢሉ ተወላጅ ትንሽ የቤት ውሻ ታሳድጋለች። ውሻው 3 ኪሎ መመዘን ሲገባው 4 ኪሎ ሆኗል። አንድ ኪሎ በሥጋ ገበያ ብዙ አይደለም፤ በዚህ ገላ ላይ ግን 60 ኪሎ የነበረ ሰው 80 ኪሎ ሆነ እንደ ማለት ነው። ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፤ ጉልበቱ አይታዘዝለትም። የእንስሳት ሐኪሙ በጣቱ ጎድኑን ቢፈልግ አጣው። መጀመሪያ ሌላ ሕመም እንደሌለበት መረመረ፤ ከዚያም ምግቡ በስኒ እየተሰፈረ ጧትና ማታ ብቻ እንዲሰጠው፣ ከሰው ማዕድ አንዳች እንዳይቀምስ አዘዘ።

በዚያው ሳምንት እናቷ ከወረኢሉ ሊጠይቋት መጡ። ማዕድ ቀረበ፤ ውሻውም መጥቶ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠና ዓይኑን አነሣ። እናቲቱ ከእንጀራው ቆርሰው፣ ወጥ አስነክተው ሰጡት።

«እማዬ፣ ተዪ፤ ሐኪሙ ከልክሎናል።»

«ዓይን ዓይኔን እያየኝ እንዴት ይወርድልኛል? ልጄ፣ ይህ እኮ ለነፍስ ነው። እናንተ አገር ውሻም ይጾማል እንዴ?»

ከሁለቱ ማን ተሳሳተ? በሚያይ ዓይን ፊት ብቻውን የማይበላ ሕዝብ ያሳደጋቸው እናት ጨካኝ አይባሉም። ልጂቱም ብትሆን ሥሥት አልያዛትም። ይሁን እንጂ ያ ጉርሻ በሐኪሙ ሚዛን ሲታይ ደግ አልነበረም። ውፍረቱን ወደ ጎን ቢተውት እንኳ፣ በወጥ ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚጎዳ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ጉርሻ በኢትዮጵያ ማዕድ ሁለት ኃይሎች የሚታገሉበት ጨዋታ ነው። አጉራሹ «በሞቴ» ይላል፤ ጎራሹ «በቃኝ» ይላል። አጉራሹ አብዝቶ የሚገፋው ጎራሹ እንደሚመልስ ስለሚያውቅ ነው፤ ጎራሹም የሚግደረደረው አጉራሹ እንደማይተወው ስለሚያውቅ ነው። ልኩ የሚገኘው በሁለቱ ትግል መካከል ነው። ውሻ ግን «በቃኝ» የሚል ቃል አልተሰጠውም። ዘሩ ነገ ስለ ማግኘቱ እርግጠኛ ካልነበረ አዳኝ አውሬ የመጣ በመሆኑ፣ ብዙው ውሻ ጠግቦም ቢሆን የቀረበለትን ይበላል። ስለዚህ ውሻን የሚያጎርስ ሰው ሁለቱንም ቃላት ራሱ ሊናገራቸው ይገባል፤ በአንድ አፍ «በሞቴ»፣ በዚያው አፍ «በቃህ»። ሁለተኛውን የተወ እንደሆነ ያቀረበው የጉርሻን ግማሽ ነው።

ፕላቶ «ጎርጊያስ» በተባለው ድርሰቱ ሐኪምንና ወጥ ሠሪን በሕፃናት ሸንጎ ፊት ያቆማቸዋል። ወጥ ሠሪው ከሳሽ ነው፤ ይህ ሰው መራራ ያጠጣችኋል፣ ያስርባችኋል፣ ያስጠማችኋል፣ እኔ ግን የጣፈጠ አበላችኋለሁ ይላል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ያደረግሁት ለጤናችሁ ነው ቢል ሸንጎው በጩኸት ያስቆመዋል። ግና ሕፃናት ያድጋሉ፤ አንድ ቀን ሐኪሙን ያመሰግኑት ይሆናል። ውሻ ከዚያ ሸንጎ ምንጊዜም አይነሣም። የሰፈረለትን ሰው ትቶ ፍርፋሪ ከሚጥልለት ሰው እግር ሥር ሄዶ ይተኛል። ልጂቱ ስኒውን በያዘች ቁጥር የምትከፍለው ዋጋ ይህ ነው፤ የምትወደው ፍጡር በእርሷ ዘንድ የሚያየው መከልከልን ብቻ ነው። አብዝቶ የሚሰጥ ሰው ግን ዋጋውን ወዲያው ይቀበላል፤ ጅራት ይወዛወዝለታል፣ እጁ ይላስለታል። እንግዲህ በዚህ ስጦታ የሚጠግበው የትኛው ነው?

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ የረጅም ዘመን ጥናት በዚህ ላይ ጠንካራ ምስክር ነው። ላብራዶር ከተባለው ዘር 48 ውሾች ሁለት ሁለት ተደርገው ተጣመሩ፤ ከየጥንዱ አንደኛው ከጓደኛው ምግብ ሩቡ ተቀንሶ እየተሰጠው አደገ። ጥቂት የበሉት ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ተጨመረላቸው። ለውሻ ሁለት ዓመት ትልቅ ዕድሜ ነው።

ስለ ትንሽ ውሻና ስለ ወሎ በአንድ ገጽ ሲነሣ ግን የቤተ መንግሥቱን ማዕድ ዘልሎ ማለፍ አይቻልም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ ነበራቸው፤ መቃብሩ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ስለ እርሱ የሚነገረው ወሬ ብዙ ነው፤ ሁሉም አይታመንም። የማያከራክረው ሌላ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም አነሣ፤ ፊልሙም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግ ይህንኑ ፊልም ወስዶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡና በቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ የሚያሳዩ ሥዕሎችን በመካከሉ አስገብቶ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለሕዝብ አሳየ። በማግስቱ ዙፋኑ ወረደ።

ለውሻ ሥጋ መስጠት በራሱ ነውር አይደለም። የውሾቹ ሥጋ ለወሎ ቢላክም አንድ ወረዳ አያድርም ነበር፤ ሕዝቡን የገደለው የዝናቡ መጥፋት፣ የባለሥልጣኖች ዝምታና የእህሉ አለመድረስ ነው። ሥዕሎቹን የቀጣጠለው እጅም የራሱ ዓላማ ነበረው። ይሁን እንጂ ያን ማታ የተመለከተ ሰው ያዘነው በከንቱ አልነበረም። ያየው ነገር ከእግሩ ሥር ለተቀመጠው ዓይን የምትራራ እጅ፣ ላልታየው የማትሰፍር መሆኗን ነው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ከቀዬው ተነሥቶ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር የተሰለፈው ለምን ነበር? በመኪና የሚያልፈው ሰው ዓይን እንዲያርፍበት አይደለምን? ዓይን ያላየውን የሚያስታውስ መስፈሪያ ብቻ ነው፤ ስንት ሰው አለ፣ ስንት ቁና አለ ብሎ የሚቆጥር።

ወረኢሉ ይህን ከድሮ ታውቀዋለች። ዳግማዊ ምኒልክ የዐድዋን ዘመቻ ባወጁ ጊዜ የሸዋ ሠራዊት እስከ ጥቅምት 1888 ዓ.ም. እኩሌታ ድረስ እንዲከት የታዘዘው በዚያች ከተማ ነበር፤ ከዚያ እስከ ትግራይ የሚሄድ ሰው ስንቁን ሳይሰፍር አይነሣም። እናቲቱም ቢሆኑ በ1977 ዓ.ም. የቤታቸውን እህል ለልጆቻቸው በእፍኝ ሲያካፍሉ የከረሙ ናቸው። ለሚያለቅሰው ልጅ ጨምሮ መስጠት ዝም ካለው ልጅ ላይ መውሰድ መሆኑን ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ልጂቱ የፕላቶን ነገር ትታ ስኒውን ለእናቷ ሰጠቻቸው። ሐኪሙ የነገራትንም ነገረቻቸው፤ ክብደቱ በየሳምንቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ እንዲቀንስ፣ በችኰላ ማስራብ ጉዳት እንዳለው፣ ጧት ጧት ጥቂት መንገድ እንዲሄድ፣ ከምግቡ ውጪ የሚሰጠው ነገር ቢኖር ከዕለት ቀለቡ ከአሥር አንድ እጅ እንዳያልፍና ከዚያው ላይ እንዲቀነስ። እናቲቱ ሰምተው ዝም አሉ። ማታ ሲሆን ስኒውን ሞሉት፤ አናቱን በጣታቸው ጠርገው ከሣሕኑ ላይ ገለበጡት፤ የተበተነችውን አንዲት ፍሬ እንኳ ለቅመው መለሱ። ውሻው በቅጽበት ጨርሶ እንደ ልማዱ ከማዕዱ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ፤ ዓይኑንም አነሣ። እርሳቸውም እራታቸውን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በሉ።