ይዞ ስለ መልቀቅ

በሰሜን አሜሪካ፥ በዋሽንግተን ግዛት፥ ስካጂት በሚባለው ወንዝ፥ በተፈቀደበት ዓመት ሰዎች በጸደይ ወራት እስከ ወገባቸው በብርድ ውኃ ቆመው ስቲልሄድ የተባለውን ዓሣ ያጠምዳሉ። ይህ ዓሣ በባሌ ተራሮች ወንዞች ከሚገኘው ከባለ ቀስተ ደመናው ትራውት ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ ነገር ግን በወንዝ ተወልዶ ወደ ውቅያኖስ ይወርዳል፥ እንቁላሉንም ሊጥል ወደ ተወለደበት ውኃ ይመለሳል። የሚመለሰው እያነሰ ስለ ሄደ፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. መንግሥት በሕግ ጥበቃ ሥር አዋለው። በዚያ ወንዝ ከዱር ዘር የሆነውን የያዘ ሁሉ ወዲያው ሊለቀው ይገባዋል፤ መንጠቆውም ወደ ኋላ የሚይዝ እሾህ የለውም።

እንግዲህ የማይበሉትን ፍጥረት ለደስታ ብቻ ማስጨነቅ ተገቢ ነውን? ጴጥሮስ መረቡን የጣለው ለእንጀራው ነበር። እኔስ መልቀቁን ምሕረት ብዬ ለመጥራት አልደፍርም፤ ጭንቀቱን ያመጣው ያው የለቀቀው እጅ ነውና። ሆኖም (እውነቱን መናገር ይገባል) ስለ ወንዙ ደኅንነት አብዝተው ከሚደክሙት መካከል እነዚሁ አጥማጆች ይገኛሉ። የማይወዱትን ነገር ማን እንዲህ ይጠብቃል? ነገር ግን ፍቅራቸው ለዓሣው ከሆነ፥ የሚመለሰው እጅግ ባነሰበት ዓመት፥ ሕግ ሳይከለክላቸው መንጠቆውን በቤት ትተው በወንዙ ዳር ሊቆሙ ይችሉ ይሆን?