ቀይ ቀለምና የስልክ መጽሐፍ
በቦንጋም ሆነ በቀረው የከፋ ምድር መጽሐፍ ቅዱስን በስልክ የሚያነብ ምእመን ማየት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ስለ አቀራረቡ ግን ሐሳቡ አንድ አይደለም፤ ሽማግሌው የፊደሉን መጉላት ሲያመሰግን ሌላው ቀለሙን ይነቅፋል።

አባቶቻችን በብራና ላይ የእግዚአብሔርንና የእመቤታችንን ስም በቀይ ቀለም የጻፉት ለክብር ነው። በአንዳንድ የስልክ መጻሕፍት የጌታን ንግግር ብቻ የሚያቀላው ልማድ ግን በ1899 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የተጀመረ ነው፤ ይህም ለየዋህ አንባቢ የነቢያትና የሐዋርያት ቃል ያነሰ ያስመስልበታል፤ የተናገረው መንፈስ ግን አንድ ነውና።

ከዚህ የሚከብደው ጥቅሱ ከምዕራፉ ተቆርጦ ለብቻው መታየቱ ነው። እንዲህ የተቆረጠ ቃል ለክርክር ይመቻል፥ ለንስሐ ግን አይመችም። ስለዚህ ስልኩን አንከለክልም፤ ዓይኑ የደከመ አባት ዳዊቱን በእርሱ ይደግማልና። ወጣቱን ግን ምዕራፉን ሳይጨርስ በአንድ ጥቅስ ወንድሙን እንዳይከስ እንለምነዋለን።