ሥዕልና የልብ ፈውስ



ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ የእመቤታችንን ሥዕል ከነልጇ እንደ ሣለ የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይነግረናል። ቅዱስ ጳውሎስም ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሉቃስን ሐኪም ይለዋል። እንግዲህ ሐኪምነትና ሠዓሊነት በአንድ ሰው ተገናኝተዋል። ይህ ለእኛ ለወጣቶች ምን ያስተምረናል?

በመካከላችን ኀዘኑን በልቡ ቈልፎ የሚኖር ብዙ ነው። ወላጁን የቀበረ፣ ከቀዬው የራቀ፣ በፈተና የወደቀ አለ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ ወጣት ሕመሙን በቃል መናገር ይከብደዋል። ቃል ያጣ ልብ ግን በእጅ ሊናገር ይችላል። ኀዘኑን ወረቀት ላይ ሲያወርደው ሸክሙን በፊቱ አኑሮ ያየዋል፤ ያየውንም ለእግዚአብሔር በጸሎት፣ ለንስሐ አባቱ ወይም ለወዳጁ በንግግር ማቅረብ ይቀለዋል።

«ቀለም ከየት እናመጣለን?» የሚል ቢኖር የከተማችን ስም ራሱ ይመልስለታል፤ ቀይ አፈር! እግዚአብሔር አዳምን ያበጀው ከምድር አፈር ነው። የሐመር እናቶች ቀይ አፈር በቅቤ ለውሰው ጠጕራቸውን ያስጌጣሉ፤ በኦሞ ዳር የሚኖሩት ካራዎችም ገላቸውን በነጭና በቀይ አፈር ይሥላሉ። ከሰልም ከየምድጃችን አይጠፋም።

ሥዕል ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ይማሩታል። ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ የተገኙት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማቋቋማቸው ለዚህ ምስክር ነው። እኛም በሐሙስ ገበያችን ከሚሸጠው ቅል አንዱን ለመሣል እንቀመጥ። እጃችን መጀመሪያ የሚያወጣው እናውቀዋለን የምንለውን ቅል ነው። ደጋግመን ስናይ ግን የአንገቱን መጣመም፣ የጥላውን አወዳደቅ እናስተውላለን። በዚያች ሰዓት ልባችን ከጭንቀቱ ያርፋል፤ በአንድ ፍጥረት ፊትም ጸጥ ይላል። አዲስ ነገር የመፍጠር ችሎታ ከዚህ ማስተዋል ይወለዳል።

ይሁን እንጂ እርሳስ የሐኪምን ቦታ አይወስድም። ኀዘኑ እንቅልፍና ምግብ የከለከለው ወንድም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ እኛም አብረነው እንሂድ። ሉቃስ ሠዓሊ በመሆኑ ሐኪምነቱ አልቀረምና።

እንግዲህ ከጉባኤ በኋላ ወረቀትና ከሰል ይዘን በአንድነት እንቀመጥ። ማንም በማንም ሥዕል አይሣቅ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው የወንድማችን ልብ ሊሆን ይችላልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።